ሴትዮዋና አትላሱ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የከረመ ሀበሻ መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ካለው ኪስ እጃችሁን ብትሰዱ ሁለት ነገር አታጡም፤ የተንጠባጠበ ቆሎና የራንድ ማክናሊ የመንገድ አትላስ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ ቡና ፈስሶበታል። ባለቤቱ ግን እንደ ዳዊት ነው የሚይዘው።

ብዙዎቹ የቀድሞ ታክሲ ነጂዎች ስለሆኑ ፍቅሩ ይገባኛል። እስከ እ.ኤ.አ. 2008 የዲሲ ታክሲ የሚያስከፍለው በሜትር አልነበረም። ከተማው በዞን ተሸንሽኖ፣ ሒሳቡ የሚታሰበው በታለፈው የዞን መስመር ልክ ነበር፤ ካርታ ያላጠና ሾፌር ሒሳብም አያውቅም። በዚያ ላይ ከተማው አራት ቦታ ተከፍሎ ተመሳሳይ አድራሻ በየክፍሉ ስለሚደጋገም፣ “ኖርዝ ዌስት” ማለት የረሳ ተሳፋሪ ሳውዝ ኢስት የማያውቀው ሰው በር ላይ ሊወርድ ይችላል። ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ዛሬ ከስልክ ውስጥ አንዲት ሴትዮ “ወደ ቀኝ ታጠፍ” ስትለው ቢከፋው አይፈረድበትም።

የሚደንቀኝ አትላሱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከመነሳት በፊት አይወጣም። መንገድ ላይም አይወጣም፤ ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቶ ሴትዮዋ ታዛለች፣ ሾፌሩ ጋሼ እያጉረመረሙ ይታዘዛሉ። የሚወጣው ከተደረሰ በኋላ፣ ምግብ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ ነው። ጣታቸውን ከመስመር መስመር እየነዱ “በዚህ ብንመጣ ኖሮ እኮ” ይላሉ። አትላስ መንገድ መፈለጊያ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን ይግባኝ ማለቻ ነው።

ለይግባኙ ማስረጃ አያጡም። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ ጦር ሲቪሉ በሚጠቀምበት የጂፒኤስ ሲግናል ላይ ሆን ብሎ ስህተት ይጨምር ነበር፤ እስከ መቶ ሜትር ያስተው ነበር። ያስቆሙት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ናቸው። “ድሮም ውሸት ከወታደር ቤት ተምራ የወጣች ናት” ይላሉ ጋሼ።

ሴትዮዋን ከሚጠሉት ይልቅ የሚያመልኳት ይብሳሉ፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች ስንት ደቂቃ እንደቀረ ያውቃሉ እንጂ የትኛው ስቴት ውስጥ እንዳሉ ጠይቋቸው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ግሪን ባንክ የሚባል ቦታ አለ፤ ለሬዲዮ ቴሌስኮፑ ጸጥታ ሲባል የሞባይል ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝበትም። ልጆቹን ለቅጣት፣ ጋሼን ለጡረታ ልትልኩበት ትችላላችሁ።

አንድ ጊዜ ግን ለሠርግ ወደ አትላንታ ስንወርድ ፒተርስበርግ ላይ ኔትወርኩ ተቆራረጠና የጋሼ ቀን ወጣ። “አትላሱን!” አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እትዬ ከፊት ወንበር ተቀበሉት። አትላሱ ስቴቶቹን የሚደረድረው በፊደል ተራ እንጂ በመንገድ ተራ አይደለም። ቨርጂኒያን ከመጽሐፉ ጭራ አገኙ፤ ሰሜን ካሮላይናን ፍለጋ ወደ መሃል ተመለሱ፤ ደቡብ ካሮላይና እንደገና ወደ ጭራው መለሳቸው፤ ጆርጂያ ደግሞ ከፊት ቁጭ ብላለች። ገጹ በተገለበጠ ቁጥር መስተዋቱን ይሸፍናል። ጋሼ ግን ትምህርት ላይ ናቸው፦ “ጎዶሎ ቁጥር ያለው አውራ ጎዳና ሰሜንና ደቡብ ነው፣ ሙሉ ቁጥር ምሥራቅና ምዕራብ። 95ን ትተን 85ን ይዘን ቀጥ ማለት ነው ወደ ደቡብ!”

“ታዲያ ፀሐይዋ ለምን ዓይኔ ውስጥ ትገባለች? እየጠለቀች እኮ ነው” አሉ እትዬ። 85 ከደቡብ ይልቅ ወደ ምዕራብ የሚያጋድልበት ብዙ ቦታ አለው፤ ቁጥሩ ግን ጎዶሎ ነው። ጋሼ ዝም አሉ።

አትላንታ ዳር ስንደርስ ሴትዮዋ ነፍስ ዘርታ ወደ ግራ አለች፣ አትላሱ ቀኝ አለ፣ ጋሼ ከአትላሱ ጋር ወገኑ። ሦስተኛው ባለሥልጣን በስፒከር ገባ፤ ክላርክስተን የሚጠብቀን ዘመድ ነው። “ከኤግዚቱ ስትወጡ የሀበሻ ሱቅ ታያላችሁ፤ እሱን ታልፉና ጎማ ቤቱ ጋ ሳትደርሱ ... አሁን ፊት ለፊታችሁ ምን ይታያችኋል?”

“ዛፍ” አሉ ጋሼ።

“በቃ፣ እዚያው ቁሙ። መጣሁ።”