ቀለም፣ ግድግዳና ግርፋት

የሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ያለ ፈቃድ መሳል በእንግሊዝ የ1971 ሕግ ንብረት ማበላሸት ነው፤ ጉዳቱ ከ5,000 ፓውንድ ካለፈ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ስለ ሥዕሉ ውበት ሕጉ ትንፍሽ አይልም። ውበትን የሚዳኝ ሌላ ችሎት አለ፤ የጨረታ አዳራሽ ይባላል። ማንነቱን ሸሽጎ ግድግዳ በመቀባት የታወቀው ባንክሲ በ2018 ለንደን ውስጥ አንድ ሥዕሉ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። መዶሻው እንዳረፈም ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀ መቁረጫ ግማሹን ተለተለው። ገዢዋ አልከሰሰችም፤ ደግ አደረገች፤ ብጥስጣሹ በ2021 ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። ማበላሸት እንዲህ ሲያተርፍ የ1971ዱ ሕግ አንቀጽ አላዘጋጀለትም።

ኒውዮርክ ደግሞ ነገሩን ገልብጣዋለች። ፋይቭ ፖይንትዝ የተባለው ሕንፃ ባለቤት፣ ራሱ ፈቅዶ ያሳላቸውን የግራፊቲ ሥዕሎች በ2013 በሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባባቸው። ፍርድ ቤት በ2018 ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። የገዛ ግድግዳን ማጽዳት ይህን ያህል ያስከፍላል።

ሲንጋፖር እንዲህ ያለ የውበት ክርክር አታውቅም። የ1966 ሕጓ በማይለቅ ቀለም ለሚጽፍ ሰው፣ ከእስራት ወይም ከገንዘብ ቅጣት ሌላ ከ3 እስከ 8 ግርፋት ይጨምራል። በ1994 መኪና በመቀባት የተከሰሰ አንድ አሜሪካዊ ወጣት 6 ተፈረደበት። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማሩልኝ ሲሉ ወደ 4 ዝቅ አለለት። የዋሽንግተን አማላጅነት ሁለት ግርፋት ያህል ይመዝን ነበር።