መቆስቆሻ ፍለጋ

ጎጃም ውስጥ መቆስቆሻ ልግዛ ብሎ ገበያ የወጣ ሰው አላውቅም። ማረሻ ይገዛል፣ ማጭድ ይገዛል፣ ምጣድም በጣት ተንኳኩቶ ድምፁ ካማረ ይገዛል። መቆስቆሻ ግን እጅ የገባ እንጨት ነው። እናቶቻችን የሚነደውን ጭራሮ በማይነደው ጭራሮ ሲቆሰቁሱ ቆይተው፣ የያዙት ጫፉ መጤስ ሲጀምር እሱንም ወደ ውስጥ ገፍተው ሌላ ያነሳሉ። ሲያረጅ ማገዶ የሚሆን ዕቃ ፈረንጅም አልሠራ።

ባለቤቴ ግን በዚህ ፍልስፍና አትረታም። አገራችን የበቆሎ አገር ነው፤ ጃቢ ጠህናን ከበቆሎው በላይ ቆረቆንዳው ሞልቷል። ቆረቆንዳ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ካላገላበጡት ጢሱ ዓይን ያጠፋል፤ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላገላብጠው ካሉ ቅርንጫፉ ቀድሞ ይያያዛል። አማቴ በበኩላቸው ምርጥ ምድጃ ይሻላል ባይ ናቸው፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው፣ ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል የሚባለው። እውነታቸውን ነው። ግን እሱም አፍ አለው፤ አፍ ያለው ሁሉ ይቆሰቆሳል። ስለዚህ "የብረት ይሁን" የሚለው የባለቤቴ ትዕዛዝ ጸና።

ፍኖተ ሰላም፣ የድሮዋ ወጀት፣ ባለሱቁ ከሰል ማንደጃ አሳየኝ፣ ማራገቢያ አሳየኝ፣ በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ምጣድ አወረደ።

"መብራት ሲጠፋስ?" አልሁት።

"ያኔ መቆስቆሻ ትፈልጋለህ" ብሎ ምጣዱን ወደ ቦታው መለሰው።

ወደ ቡሬ ተሳፈርሁ። ማንኩሳ ላይ የ"ፍቅር እስከ መቃብር"ን በዛብህ አሰብሁት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ መንደር አስነሥተው ለስንት መከራ ሲዳርጉት መቆስቆሻ ግዛ ብሎ የላከው አልነበረም። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ የእኔ ጉዳይ ግን የሚያልቀው አንጥረኛ ዘንድ ነው።

"ለማን ነው?" አሉኝ ሽማግሌው፣ ወናፋቸውን አቁመው።

"ለቤት።"

"ሚስት የለህም?"

"አለች።"

"ታዲያ አንተን ምድጃ ለምድጃ ምን ያንከራትትሃል?"

ማጭድ ሊያስሉ የመጡት ሁሉ ሳቁ። በጥቅምት 1939 ዓ.ም. ካምብሪጅ ውስጥ ፈላስፋው ቪትገንሽታይን ከካርል ፖፐር ጋር ሲከራከር የምድጃ መቆስቆሻ ይዞ እንደነበር ልነግራቸው ዳድቶኝ ነበር። ፈረንጆቹ አወዛወዘው፣ አላወዛወዘውም እያሉ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ተውሁት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ መቆስቆሻ ገዢን መሣለቅ የሚከለክል ግን እስካሁን አልወጣም።

ሽማግሌው ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ፌሮ አነሡ። ከክንድ ካጠረ የእጅ ፀጉር ይለበልባል፤ በጣም ከረዘመ ከምድጃው ማዶ የተቀመጠውን እንግዳ ይወጋል፤ ክንድ ተኩል ተስማማን። ጫፉ እንደ ማጭድ ቆልመም ይበል፣ የተጠበሰ በቆሎ ከፍም ውስጥ ለመሳብ። እጀታው የወይራ፣ ብረቱ ሲግል እንዳያቃጥል። እየቀጠቀጡ በሄዱ ቁጥር ሥራው እየጣማቸው መጣ፤ የሳቁትም ቀርበው ያማክሩን ጀመር።

ዋጋው የማጭድ ዋጋ ሆነ።

"ማጭድ እኮ ስለት አለው" ብዬ ተከራከርሁ።

"ማጭድ ይደንዛል፣ ትመለስልኛለህ። ይኼ አይደንዝ፣ አይሰበር። ዳግመኛ ለማይመለስ ደንበኛ ደግሞ ዋጋ አልቀንስም።"

መልስ የለውም፤ ከፈልሁ።

ድሮ ክብሪት ሳይበዛ ጎረቤት ከጎረቤት በገል እሳት ይጫጫር ነበር። አሁን እሳቱ በየቤቱ አለ፣ የብረት መቆስቆሻው አንድ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች እየተፈራረቁ ይወስዱታል። ትናንት የተዋሱት ጎረቤታችን እትዬ፣ ዕቃውን ሳይመልሱ፣ ጫፉ ትንሽ ቢሾል ኖሮ ጥሩ ነበር ሲሉ በልጃቸው ልከውብኛል።