ሁሉም ለልጆቹ ሲባል ነው

በኮልፌ ቀራኒዮ ልጁን የማይወድ ወላጅ የለም። ማስረጃ የሚፈልግ ካለ በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዓለም ባንክ ወይም ቤቴል ይቁምና ይመልከት። ዝናቡ እየወረደ፣ እንቅልፉን ያልጨረሰ ሕፃን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ክንዱ ላይ የሚጠለቅ መንሳፈፊያ እንደያዘ መኪና ውስጥ ይገባል። ወዴት? ወደ ሪዞርት። ለምን? ለልጆቹ ሲባል።

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰማዩ ሲከፈት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በዚህ አገር ዣንጥላ እንጂ የመዋኛ ልብስ የሚገዛባቸው ወራት አይደሉም። ይህ ግን ቆራጥ ወላጅን አያግደውም። ልጁ ገንዳው ውስጥ ቆሞ ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ ሲንገጫገጭ «ደስ አይልም፣ ማሙዬ?» ይባላል። ማሙሽም ራሱን ይነቀንቃል፤ ከብርድ ይሁን ከመስማማት የሚለይ የለም። ፎቶው ላይ ከመስማማት ይመስላል፤ እሱ ነው ዋናው።

ነገሩን ያመጣብን የዋሽንግተኑ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። ልጆቹን ይዞ ካንኩን ይሄዳል፤ የሜክሲኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለቱሪስት ብሎ ባሕር ዳር የገነባት ከተማ ናት። ከዚያ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕርና አይስክሬም ያቀለመው የሕፃን ፊት በቴሌግራም ይልክልናል። እኛ ሜክሲኮን የምናውቀው ከአየር ጤና በታክሲ ነው፤ ስንወርድ የሚቀበለን ሌላ ሰልፍ ነው። ባሕሩም ቢሆን ከኤርትራ ጋር ከሄደ 30 ዓመት አልፎታል። ግን ከዘመድ ማነስ ደግ አይደለም። ስለዚህ ቢሾፍቱ፤ ገንዘብ ከተረፈ ላንጋኖ፤ ዕቁብ ከወጣ ደግሞ ሐዋሳ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት ይላሉ። ይህን የሚሉት ከኮልፌ ተነስተው የማያውቁ ናቸው። ከዘነበ ወርቅ በቀለበት መንገድ እስከ ቃሊቲ ከከባድ መኪና ኋላ ኋላ መሳብ አለ። የአዳማው ፍጥነት መንገድ ላይ እስኪደረስ ትልቁ ልጅ «ደረስን?» ማለቱን ትቶ ፌስታል ይጠይቃል። ትንሿም ታየውና እሷም ትጠይቃለች።

በሩ ላይ «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። እናት ግን ልምድ አላት፤ የተቀቀለው እንቁላልና ዳቦው ከዳይፐሩ ሥር ነው፤ ጥበቃ ደግሞ ዳይፐር አገላብጦ አይፈትሽም። አባት በበኩሉ ትኬት መቁረጫው ጋ ሌላ ክርክር ይዟል። «ለሠራተኛዋ ለምን እንከፍላለን? እሷ እኮ አትዋኝም፤ ልጅ ልትይዝ ነው!» ለሁለት ቀን ያን ሁሉ ብር ሊያወጣ የቆረጠ ሰው፣ በአንዲት ልጅ መግቢያ ላይ የቆጣቢነት መንፈስ ያድርበታል። በመጨረሻ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ግን ለእሷ ያሳያታል።

ከዚያ ሐይቁ ይታያል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የተፈጠሩ ናቸውና ከዳር ብዙም ሳይርቁ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፤ ለሕፃን የሚሆኑ አይደሉም። ሐይቁ ስለዚህ ከጀርባ ሆኖ ፎቶ ውስጥ ይገባል፣ ሥራውም በዚያው ያበቃል። ላንጋኖ የሄዱት ደግሞ የተሻለ ዕድል ነበራቸው፤ ውኃው ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው። ግን ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ ስለሚመስል እናት «ኧረ ቆሻሻ ነው፣ ውጣ!» ትላለች። ልጁ ከሐይቁ ይወጣና ወደ ገንዳው ይገባል። እዚያ ከጠዋት ጀምሮ አርባ ሕፃናት ገብተዋል፤ ሽንት ቤት ልሂድ ያለ ግን አንድም አልተሰማም። ውኃው ሰማያዊ ነው፤ ንጹሕ ነው።

ሠራተኛዋ ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ የአራት ሰው ጫማና ሁለት ስልክ ታቅፋ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ውኃ ሲገባበት የሚጠራው እሷን ነው። ፎጣ ይዛ የምትሮጠው፣ የምታጎርሰው፣ ሌሊት ሲያስለው የምትነሳው እሷ ናት፤ የምትተኛውም ከልጆቹ አልጋ ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው። የቤተሰቡ ፎቶ ውስጥ ግን የለችም፤ አንሺዋ እሷ ናትና። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን ያጣጥማሉ፦ አባት የሰቀለው ምስል ስንት ሰው እንደወደደው ይቆጥራል፣ እናት ዋይፋዩ ደካማ ነው ብላ ታማርራለች።

ልጆቹ ከልባቸው የሳቁበት ሰዓትም አለ፤ አልክድም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ አዲስ ለሚሠራ ክፍል የተራገፈ የአሸዋ ክምር አገኙ። ወጡበት፣ ተንከባለሉበት፣ ዋሻ ቆፈሩበት። አባት አይቶ በቁጣ ሰበሰባቸው። «ይህን ሁሉ ብር ከፍዬ ያመጣኋችሁ አሸዋ ላይ እንድትንከባለሉ ነው?» አለ። ልክ ነው። አሸዋማ ኮልፌም አለ፤ የሚገነባ ቤት በማይጠፋበት ሰፈር በነፃ ተከምሯል። እዚያም «ውረድ፣ ትቆሽሻለህ!» ይባላል።

ሰኞ ልጆቹ ክሊኒክ ናቸው፤ መስከረም ላይ መምህርቷ «ክረምቱን የት አሳለፋችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ከሰፈር ያልወጣው ልጅ አንገቱን ይደፋል፤ እናቱም ስትሰማ ለመጪው ክረምት ዕቁብ ትገባለች። ሪዞርቶቻችን የሚያድጉት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ለከርሞ ብሩን አትቀንሱ፣ ጉዞውንም አትሰርዙ። ለሠራተኛዋ የመዋኛ ልብስ ግዙና ከልጆቹ ጋር እሷን ላኩ፤ እናንተ ቤት ቅሩ። ልጆቹ የሚፈልጉት እሷን ነው፤ ፎቶውንም ቢሆን እስካሁን የምታነሳው እሷ ስለሆነች ሳይጎድል ይደርሳችኋል።