«ፈረሱማ ምን ፈረስ አለ»

ጥር ሲጠባ የእኔ እንቅልፍ ያበቃል። አጎቴ እንጅባራ ላይ ቀትር ሆኖላቸው ሲደውሉ፣ እኔ ዘንድ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ምን መርዶ መጣ ብዬ ከአልጋዬ እዘላለሁ። ሰዉ ሁሉ ደህና ነው፤ ያኮረፈው ፈረሱ ነው።

«ገብሱን አሽትቶ ተወው» ይላሉ፣ በለቀስተኛ ድምፅ። «የኋላ እግሩንም ይጎትታል። ዘንድሮ መሳቂያ መሆናችን ነው።»

ፈረሱ የእኔ ነው ይባላል። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ። በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ ትውውቃችን በቴሌግራም ነው። የሚገሩት አጎቴ፣ የሚጋልበው የአክስቴ ልጅ፣ የሚከፍለው እኔ። ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ፤ እኔን ደግሞ ቀዬው «አባ ላከው» ብሎኛል።

ጭንቀታቸው ግን ይገባኛል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ውለታ ለማሰብ ከተቋቋመ ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት በአዊ ቀላል ቀን አይደለም። ግላስ የለበሰ ፈረስ ሜዳውን ሞልቶ ሽምጥ ሲጋለብ አገር ቆሞ ያያል። እዚያ መሀል ሶምሶማ የሚረግጥ ፈረስ ይዞ የወጣ ቤተሰብ፣ እስከ ፋሲካ ይተረትበታል።

እዚህም የፈረስ ውድድር አለ። ሻኮፒ በሚገኘው ካንተርበሪ ፓርክ በበጋ ይሮጣሉ፤ አንዳንድ ዓመት ለሳቅ ያህል ሰጎንና ግመልም ያሯሩጣሉ። ሶማሌው ጎረቤቴ ግመሎቹን ሊያይ ሄዶ ተናዶ ተመለሰ። «ባለቤቶቻቸውን እንኳ አያውቋቸውም!» አለኝ አሳንሰር ውስጥ። ባለቤቱን ስለማያውቅ እንስሳ ምን እንደምመልስ ጨነቀኝና የፎቄን ቁጥር ተጫንኩ።

እንግሊዞቹ የባሱ ናቸው። ቼልተንሃም ላይ በማርች ወር ፈረሱን መሰናክል ያዘልሉታል፤ ለጎልድ ካፕ ብቻ 22 ጊዜ። በዋዜማው አሠልጣኞቹ ሲናገሩ በስልኬ ሰማሁ፦ መሬቱ ደረቀ፣ መሬቱ ራሰ፣ ፈረሴ ትንሽ ሳል ቢጤ ይዞታል። ኮፍያቸውን አውልቀው ጋቢ ቢያለብሷቸው አጎቴን ናቸው። የፈረስ ሰው ከበዓል በፊት «ፈረሴ ደህና ነው» አይልም፤ ዓይን ይፈራል። ተስፋው ከፍ ባለ ቁጥር እሮሮው ይብሳል። ያ ሳይገባኝ ስንት የእንስሳት ሐኪም ገንዘብ ልኬአለሁ!

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ተደብቆ ቪዲዮ ላከልኝ። «እግሩን የሚጎትተው» ዳማ አጥር ጥግ ያለውን ቦይ በአንድ ዝላይ አልፎ፣ ጋማው እየተበተነ በአቧራ ውስጥ ተሰወረ። አጎቴ ከኋላው ይሮጣሉ፣ ነጠላቸው መሬት ይጠርጋል፣ እየሳቁ!

ወዲያው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ፈረሱ ታሟል አላሉኝም?»

«ማን አሳየህ? አንተስ ለማን አሳየህ?»

«ለሶማሌው ጎረቤቴ ብቻ።»

«ወይኔ! ምን አለ?»

«ማሻአላህ አለ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንዲያ ካለስ ዓይኑ አይነካም፣ ደግ ሰው ነው። ለማንኛውም የክታቡን ላክ።»