በአምቦ መካኒክ ያልሆነ ማን አለ?

መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ገፊ የሚገኘው በልመና ነው። ዲፈረንሻል ሲያፏጭ ግን መካሪ ሳይጠራ ይመጣል። አሮጊቷ ሃይሉክሴ ከኋላ ማፏጨት ከጀመረች ወዲህ፣ ከሁሉቃ ወንዝ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ያለው ሰው ሁሉ ስለ ዘይት የሚያስተምረኝ ሆኗል። ባለ ባጃጁ ይመክራል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳደረገ ይመክራል፤ በዚያ ሁኔታ ማን ይከራከራል? የንስሐ አባቴም አልቀሩም። መስቀሉን አሳልመውኝ ሲያበቁ «ወፍራም ዘይት አድርግበት ልጄ» አሉኝ።

አልፈርድባቸውም፤ አገሩ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። አምቦ ላይ ሆዱ የተነፋ ሰው ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታሸገውን ውሃችንን ይጠጣል፤ ወገቡን የያዘው ፍል ውሃ ይገባል። ስለዚህ ለሚጮኽ ብረትም አንድ የሚጠጣ ነገር አይጠፋም ብሎ ያላመነ የለም። የባለቤቴ ክስ ደግሞ ሌላ ነው። «ቡና ፈላ ስልህ የማትሰማ ሰውዬ፣ የዚያችን መኪና ፉጨት በምን ጆሮህ ሰማኸው?» ትለኛለች። ለዚህ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ዘይት መሸጫው ያለው ልጅ ግን ከሁሉም ይብሳል።

«አባባ፣ መቶ አርባውን ልስጥዎት? ጸጥ ያደርግልዎታል።»

«ፋብሪካው ዘጠና ነው ያለው።»

«ፋብሪካው ያለው ጃፓን፤ እርስዎ የሚወጡት ጌዶ!»

መልሱን ወድጄለታለሁ። ምክሩን ግን አልቀበልም። ወፍራም ዘይት በጥርስና በጥርስ መሃል ገብቶ ኮሽታውን ያፍናል እንጂ መበላቱን አያስቆምም። ሕመሙ ባለበት ሆኖ የሚታከመው የእኔ ጆሮ ነው ማለት ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሮአልድ ዳል በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ማቲልዳ» ውስጥ የልጅቱ አባት አሮጌ መኪና ነጋዴ ነው፤ ያለቀለት ካምቢዮ ጸጥ እንዲል ሰጋቱራ ይጨምርበታል። ገዢው ጥቂት ነድቶ ጉዱን ያየዋል። ይህን እዚህ ከተማ ውስጥ ጮክ ብዬ አላወራም፤ እንጨት ቤቱ ከጋራዡ አጠገብ ነው።

መቶ አርባ በራሱ ጥፋት የለበትም። ከባድ ጭነት ይዞ ቆላ ለቆላ ለሚውል መኪና አምራቹ ራሱ የሚያዝበት ጊዜ አለ። በኅዳር ውርጭ፣ ጊንጪ ላይ፣ በማለዳ ለምትነሣ አሮጌ ፒካፕ ግን እስኪሞቅ ድረስ እግር ብረት ነው።

ሌላው ወገን ቁጥሩን አይቶ ይደነግጣል። የሞተሩ 40፣ የዲፈረንሻሉ 90፣ «እንዴት ከእጥፍ በላይ ይወፍራል?» ይላል። አይወፍርም። ሁለቱ የተሰፈሩት በተለያየ ሚዛን ነው፤ የዲፈረንሻል 90 ሲሞቅ ከሞተር 40 ወይም 50 ብዙም አይርቅም። ይህን ባስረዳሁ ማግስት አንዱ ሰፈርተኛ እየሮጠ መጥቶ «እንግዲያው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይበቃዋላ!» አለኝ። አያችሁ፣ እዚህ አገር ዕውቀት ማካፈልም አደጋ አለው።

አይበቃውም። የፈረስ ጋሪ ዲፈረንሻል የማያስፈልገው ሁለቱ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስለሚዞሩ ነው። መኪና ግን ጎማዎቹን እየገፋ መታጠፍ አለበት፤ ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ይጓዛልና ይህን የሚያስታርቀው ዲፈረንሻሉ ነው። ከዚያ ላይ ፓካርድ የተባለው መኪና ሠሪ በ1926 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር በመኪና ጀመረ፦ ፒኒየኑን (ትንሹን ማርሽ) ከክራውኑ (ከትልቁ ማርሽ) መሃል ዝቅ አድርጎ ማስገባት። ሃይፖይድ ይሉታል። ጥርሶቹ ከመግጠም አልፈው እርስ በርስ እየተጫኑ ይንሸራተታሉ፤ ተራ ዘይት ከመሃላቸው ተጨምቆ ይወጣል። ለዚህ ነው የዲፈረንሻል ዘይት ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም የሚጨመርበት። ቆርቆሮው ሲከፈት አፍንጫ የሚመታው ያ ሽታ የድኙ ነው። ሽታው እንዲያ አስጠላኝ ብሎ የሞተር ዘይት የሚገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ሽቶ ቤት መሄድ ነበረበት።

ስለዚህ ከውፍረቱ በፊት የሚታየው «ጂ ኤል 5» የሚለው ጽሑፍ ነው። «ጂ ኤል 4» የተጻፈበት ለሃይፖይድ ጥርስ ጉልበቱ ያንሳል። «ጂ ኤል 5 ጥሩ ከሆነ ካምቢዮውም ይጠጣው» የሚሉም አሉ፤ ተዉ! አንዳንዱ በካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ይበላል። ስልኩን ይዞ የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ሲንተቲክ 75ደብሊው-90 ካልሆነ አለኝ። ደግ ዘይት ነው። በዚያ ዋጋ ግን እኔም ሲንተቲክ እሆናለሁ።

የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ሐኪም አንድም ቀን «መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። መንገዳችን ራሱ መርማሪ ነው። ከጉደር ወደ ጌዶ ስትወጡ፣ ነዳጅ ረግጣችሁ፣ ያን ጊዜ ብቻ ካፏጨች ጥርሶቹን ጠርጥሩ። ከጌዶ ወደ ባኮ ቁልቁል እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሡ ካለቀሰች የፒኒየኑ ኩሽኔታ መላላት ይታይ። ኩርባ ላይ በአንድ ወገን ብቻ የሚያጓራ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ስትነሡ «ጓ!» የሚለው ብዙ ጊዜ ክሮቸራ ነው። ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስትገቡ ድምፁ ከተለወጠ ደግሞ ጎማችሁ ነውና ዲፈረንሻሉን በሐሰት አትክሰሱ።

ከዚያ በኋላ ሆዷ ሥር ይገባል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፤ በጎን ያለው የመሙያ ብሎን ይፈታ፤ ጣት ይግባ። ዘይቱ የቀዳዳውን ከንፈር መንካት አለበት። የእኔን የከፈተው ልጅ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቶ ደረቁን አወጣው። ለካ የጊንጪ መረሬ መተንፈሻውን ደፍኖት፣ የታፈነው ዘይት በፓራዮሊው በኩል ወደ ፍሬኑ ሲሾልክ ከርሟል። የቀረችውን በሳፋ ቀዳት፤ ፀሐይ ላይ ስትታይ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ደቃቅ የብረት ዱቄት የዕድሜ ነው፤ ጥፍር የሚይዘው ስንጣሪ ካለ ግን ዘይት ሻጩን ተሰናብታችሁ ወደ መፍቻው ነው።

መፍቻው ላይም ሌላ ጉድ አለ። ክራውንና ፒኒየን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተፋጭተው የተጋቡ ናቸው። አንዱን ብቻ ከሶማሌ ተራ አምጥቶ ሌላውን አሮጌውን መተው፣ አዲስ ሚስት ከአሮጌ አማት ጋር ማስቀመጥ ነው፤ ጩኸቱ ያኔ ነው የሚጀምረው። መካኒኩ «አንዱ ይበቃል አባባ፣ ወጪ ልቀንስልዎት» ሲል ሰምቼ መፍቻውን ከእጁ ልቀማው ምንም አልቀረኝ።

የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ «አጎቴ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ያለፈ ነገር ነው» ብሎኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ ልቡ አብጧል። የእሱም መኪና ዲፈረንሻል አላት፤ የማርሽ ዘይትም አላት። እንዲያውም ሞተሯ ስለማይጮኽ፣ ጥርሷ ያፏጨ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ 90 ወይም 80ደብሊው-90፣ ጂ ኤል 5፣ ከታመነ መደብር፣ እስከ ቀዳዳው ከንፈር። መተንፈሻው ይጠረግ፤ ፓራዮሊው ይቀየር። ፉጨቱ ከዚያም ካላቆመ ኩሽኔታው ይፈተሽ። ከዚህ ሌላ የሚመክረኝ ሰው የኩሽኔታውን ዋጋ በእጁ ይዞ ይምጣ።