ጀማሪውስ ምን ይግዛ?

ኧረ ምን ይሻላል! አርባ ምንጭ ላይ አንድ ወጣት ፎቶ መማር አምሮት «ካሜራ ልገዛ ነው» ካለ መካሪ ይበዛበታል። አንዱ «ደህና ዕቃ ካልሆነ ገንዘብህን ውኃ ይበላዋል» ይለዋል። ሌላው «ለጀማሪ ርካሹ ይበቃል» ይለዋል። ውዱን ግዛ የሚለው የልጁን ኪስ አያይም፤ ርካሹን ግዛ የሚለው ደግሞ በርካሽ ስም ምን እንደሚሸጥ አያውቅም።

ውዱን እንተወው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ካሜራ እዚህ አይሠራ፤ ለዚያ ብሎ የቆጠበ ሁሉ ያጠራቀመው ገንዘብ እጁ ላይ አነሰበት።

የሚያንገበግበው ርካሹ ነው። «ስላሽ ነው፣ ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ያገለገለ ካሜራ ስንት ሺህ ፎቶ እንዳነሳ የሚናገር የለም። ሚሞሪው ላይ 128 ጊጋ ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጡ ግን የዚያን ሩብ እንኳ ላይዝ ይችላል። ሲሞላ አያስታውቅም፤ ፎቶውን የተቀበለ መስሎ ያጠፋዋል። የሰው ሠርግ እንዲህ ሲጠፋ ምን ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል? ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል።

ካሜራው ደህና ቢሆን እንኳ አብሮት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ባለ 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ለከተማችን ለሲቀላ ጎዳና፣ ለጨንቻ ገበያ ይበቃል፤ ይህን ሌንስ የሚንቁ ሰዎች ያሰለቹኛል። ጫሞ ሐይቅ ላይ ግን አዞው በዚያ ሌንስ የወደቀ ግንድ መስሎ ይቀራል። ያኔ ልጁ ጀልባ ነጂውን «ትንሽ ጠጋ በልልኝ» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ለፎቶ ብሎ አዞ አጠገብ የሚሄድ ሰው ሳይ ልቤ ይርዳል።

ደግሞ ሁሉ ነገር በካሜራው ይሳበባል። አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ «ካሜራህ ቀለም ያበላሻል» ይሉታል። ውኃው ራሱ እኮ ወንዞች በሚያመጡት ደለል የደፈረሰ ነው! እስኪ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ሆነው ይዩት።

እኔን የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ በሚያውቅ ሰው የተፈተሸ ያገለገለ ካሜራና እስከ 1.8 የሚከፈት ባለ 50 ሌንስ ግዛ እለዋለሁ። ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዶርዜ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ብቻ የሚሠራ ሸማኔ በእሱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለአዞው የሚሆነውን ረጅም ሌንስ ሦስት አራት ሆነው በዕቁብ ይግዙት። በሚሞሪ ላይ ግን ማንም አይቆጥብ።

ሻጩስ «ከፍለህ ከመሄድህ በፊት ሚሞሪውን ሞልተህ ሞክረው» ቢል ምን ይጎድልበታል? ሞልቶ መሞከር ጊዜ ይወስዳል ይሉናል። ሱቃቸው እስኪዘጋ ቆመን እንጠብቃለን፤ ብቻ ይፍቀዱልን።