ከነጥቧ ወዲያ

የሰው እውቀት በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ዘመን ላይ መድረሳችን መታደል ነው። ድሮ ሠራተኛ ለመቅጠር ያሰበ ሰው «ምን ትችላለህ? የት ሠርተህ ታውቃለህ?» እያለ ሲደክም ይውል ነበር። ዛሬ አራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የሥራ ማስታወቂያ በአንድ መስመር ገላግሎናል፦ «ሲጂፒኤ 3.00 እና ከዚያ በላይ»። 2.99 ያለው ወደ ቤቱ። ያ ወጣት በመቶኛዋ ነጥብ ምን እንደጎደለው የሰው ሀብት ክፍሉ ጠንቅቆ ያውቃል፤ እኛ መጠየቅ ነውር ይሆንብናል።

ስሌቱን ቀረብ ብሎ ማየትም ድፍረት ነው፤ ለዛሬ እንድፈር። ተማሪው ከመቶ ያገኘው ማርክ ወደ ፊደል ይቀየራል፤ ፊደሉ ነጥብ አለው፤ ነጥቡ በክሬዲት አወር ይባዛል፤ ሁሉም ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ማባዛቱንና ማካፈሉን ካልኩሌተርም አያቅተውም። ጥበቡ ያለው ከዚያ በፊት፣ ማርክ ፊደል በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በተለመደው ስኬል 50 ያመጣም 59 ያመጣም ያው ሲ ነው፣ 2.00። 60 ያመጣ ሲ ፕላስ ነው፣ 2.50። እንግዲህ ከ50 እስከ 59 ለመውጣት የነጉት ሌሊቶች ዋጋቸው ዜሮ ነው፤ ከ59 ቀጥላ ያለችው አንዲት ማርክ ግን ግማሽ ነጥብ ታወጣለች። ሰቃዮቹም አልተረሱም። 90 ያመጣ ኤ ፕላስ፣ 100 ያመጣም ኤ ፕላስ። ኤ ፕላስ 4.00 ነው፣ ባዶው ኤም 4.00 ነው። ፕላሷ ለጌጥ ነች፤ ወላጅ ደስ ይበለው።

አንዲቷ ማርክ ምን እንደምትሠራ እንይ። አምስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ ሦስት ክሬዲት። በአንዱ ቢ ፕላስ፣ በሦስቱ ቢ፣ በአምስተኛው 60 ያገኘ ልጅ ድምሩ 45 ሆኖ ለ15 ሲካፈል 3.00 ይወጣለታል። ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው በሌሎቹ አራት በፊደል እኩል ሆኖ በአምስተኛው ብቻ 59 ቢያገኝ 2.90 ነው። ምናልባትም በአራቱ ኮርሶች ከወዲያኛው ልጅ በየኮርሱ ሦስት አራት ማርክ ይበልጠው ይሆናል፤ ያ ግን ፊደሉ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። ጤፉን በእፍኝ ሰፍረን ስናበቃ እፍኙን በወርቅ ሚዛን እንመዝናለን፤ ከዚያ ከነጥቡ ወዲያ ላሉት ሁለት አኃዞች እንሰግዳለን።

ተማሪው ሞኝ አይደለም። ዕውቀት የት እንደሚሸጥ ባያውቅ ማርክ የት እንደምትወደድ ያውቃል። ፈተናው ሲታረም የመምህሩ በር ላይ የሚሰለፈው ለዚህ ነው፦ «ቲቸር፣ አንድ ማርክ ብቻ ያስቡልኝ»። 52 ያመጣው አይሰለፍም፣ ትርፍ የለውማ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ምርጫ ካለ የሚመረጠው ኮርስ ሳይሆን መምህር ነው፤ ማን ግሬድ እንደሚበትን፣ ማን እጁ እንደሚጠብቅ ዶርም ውስጥ ከሬጅስትራር መዝገብ የበለጠ በትክክል ይታወቃል። የሁለቱም መምህራን ኤ ስቱደንት ኮፒው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም አለው። ይህንን ተንኮል የሚሉ አሉ፤ እኔ የተግባር ሒሳብ ነው እላለሁ፣ ያውም ክሬዲት ያልተሰጠው።

ለዚህ ቁጥር ያለን እምነት ግን የሚገርም ነው። እጅግ ከማመናችን የተነሳ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የአራትና የአምስት ዓመት ግሬዱን ይዞ የመውጫ ፈተና እንዲቀመጥና 50 ከመቶ እንዲያመጣ አድርገናል። ያንን ሲያልፍ ቀጣሪው የራሱን የጽሑፍ ፈተና ያዘጋጅለታል፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ። ሦስት ጊዜ ተመዝኖ ችሎታው እንዳይታወቅ የሚያሰጋው ነገር የለም። የ2.90ው ልጅም የመውጫ ፈተናውን ከባለ 3.00 ጓደኛው በልጦ ያልፍ ይሆናል። የቀጣሪውን ፈተና ግን አይፈተንም። ለምን ቢባል፣ ለፈተና የሚጠራው ሲጂፒኤው 3.00 እና ከዚያ በላይ የሆነ ብቻ ነው።